ዓሣ ነባሪዋ ወደ ጀልባው ስትመጣ፦ የባሕር እንስሳት ጉብኝት እንዴት ይሠራል? ለሐይቅ ጀልባዎችስ ምን ይነግረናል?

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር ቪዲዮ አለ። ትንሽ ጀልባ ላይ ሰዎች ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ውሃው እብጥ ይልና ግራጫ፣ ነጫጭ ጠቃጠቆ የሞላበት ትልቅ ራስ ብቅ ይላል። ሰዎቹ አይሸሹም፤ እጃቸውን ዘርግተው ይደባብሱታል። ደሴ ላይ አቦሉ ሳያልቅ ክርክሩ ይጀመራል። አንዱ "ይሄ በኮምፒውተር የተቀናበረ ነው" ይላል። ሌላው ያምንና "እኛስ ሐይቅ አለን፣ ጀልባ አለን፣ ምን ጎደለን?" ብሎ ይጠይቃል። ሦስተኛው ደግሞ ይናደዳል፤ ለገንዘብ ሲባል እንስሳ ማስጨነቅ ነው ባይ ነው።

አንድን ቪዲዮ ነጥሎ እውነት ነው ሐሰት ነው ማለት ሌላ ጉዳይ ነው። ነገሩ ግን በእርግጥ የሚሆን ነገር ነው። የታወቀ ቦታ አለው፣ ወቅት አለው፣ ደንብም አለው። ሦስቱም ተከራካሪዎች የየራሳቸው እውነት ስላላቸው ከሥሩ ማየት ይሻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ ራሱ ያሳስታል

"ዓሣ ነባሪ" ስንል ዓሣ ይመስለናል። ዓሣ አይደለም። እንደ ላምና እንደ ሰው አጥቢ እንስሳ ነው። በሳንባው ይተነፍሳል፣ ስለዚህ አየር ለመሳብ የግድ ወደ ላይ መውጣት አለበት። ጀልባ ላይ ያለ ሰው ሊያየው የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። እንደ ዓሣ በስንጥቡ የሚተነፍስ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የጉብኝት ንግድ ባልኖረ ነበር።

ወሎ ውስጥ ይህን ፍጡር በሁለት በኩል እናውቀዋለን። የዮናስ ታሪክ በማቴዎስ ወንጌል ላይ "ዓሣ አንበሪ" ይለዋል፣ በቁርኣን ደግሞ ነቢዩ ዩኑስን የዋጠው "ሑት" ነው። እናም ስሙ ሲነሳ ወዲያው የሚመጣብን ሰው የሚውጥ ግዙፍ ነገር ነው። ቪዲዮው ላይ የሚታየው ግራጫ ዓሣ ነባሪ ግን የሚበላው ከጣት አንጓ የማይበልጡ፣ ሽሪምፕ የሚመስሉ ትንንሽ ፍጥረታትን ነው። አምፊፖድ ይባላሉ፣ የሚኖሩት ከባሕሩ ወለል ጭቃ ውስጥ ነው። እሱም ወለሉ ድረስ ይወርዳል፣ በጎኑ ይተኛል፣ ጭቃውን ከነውሃው ይስብና መልሶ ያጣራዋል። ለዚህ የሚጠቀምበት ባሊን የሚባለው ነገር ነው፤ በጥርስ ፋንታ ከላይኛው መንጋጋ የተንጠለጠለ፣ ጥፍራችን ከተሠራበት ነገር የተሠራ ወንፊት ብትሉት አትሳሳቱም። ይህን የጭቃ ነገር ያዙት፣ ወደ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

መጠኑ 14 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ ከከተማ አውቶቡስ ይረዝማል። ክብደቱ ከ30 ቶን ሊያልፍ ይችላል፣ ጭነቱን የሞላ ሲኖትራክ በሉት።

የት ነው፣ ለምንስ ይጠጋሉ?

ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በጋውን የሚያሳልፉት በሰሜን ዋልታ አካባቢ፣ በአላስካና በሩሲያ መካከል ባሉት ባሕሮች ነው። እዚያ ይበላሉ። ክረምቱ (የእነሱ ክረምት፣ ከታኅሣሥ ወዲህ ያለው) ሲመጣ የአሜሪካን ምዕራባዊ ዳርቻ ይዘው ወደ ደቡብ ይወርዳሉ፣ ሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ድረስ። ደርሶ መልሱ ቢያንስ 16,000 ኪሎ ሜትር ነው። ከደሴ አዲስ አበባ ሃያ ጊዜ ተመላልሶ እንደመሄድ።

ሜክሲኮ የሚሄዱት ላጉን ወደሚባሉ ቦታዎች ነው። ላጉን ማለት ባሕሩ ወደ መሬት ገባ ብሎ፣ በአሸዋ ተከልሎ የሚሠራው ረጋ ያለና ብዙም ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። ሦስቱ ታዋቂዎች ኦሆ ዴ ሊብሬ፣ ሳን ኢግናሲዮና ማግዳሌና ናቸው። እዚያ ይጋባሉ፣ እዚያ ይወልዳሉ። እርግዝናው አንድ ዓመት ግድም ይፈጃል። ግልገሉ ሲወለድ 4 ሜትር ተኩል ያህል ነው፣ የሚጠባው ወተት ደግሞ ከግማሽ በላይ ስብ ነው። እናቲቱ ግን በእነዚያ ወራት ራሷ ምንም አትበላም ማለት ይቻላል። በጋ ላይ ያጠራቀመችውን ስብ ነው ወደ ወተት የምትለውጠው። ለጉብኝቱ ክርክር ዋናው ነጥብ ይህ ነው፤ ላጉን ውስጥ ያለች እናት በቁጠባ የምትኖር እናት ናት፣ ጀልባ አሳድዶ ባሯሯጣት ቁጥር ያ ቁጠባ ይነካል።

ታዲያ እንዲህ ያለች እናት ለምን ግልገሏን ይዛ ወደ ጀልባ ትመጣለች? ሳይንቲስቶች ቁርጥ ያለ መልስ የላቸውም። የሞተሩ ዝቅተኛ ድምፅ ይስባቸዋል የሚሉ አሉ። ቆዳቸው ላይ የሚለጠፉት ትንንሽ ጥገኛ ፍጥረታት ስለሚያሳክኳቸው መታከክ ይወዳሉ የሚሉም አሉ። ዝም ብሎ የማወቅ ጉጉት ነው የሚሉም አልጠፉም፣ በተለይ ለግልገሎቹ። ሁሉም ዓሣ ነባሪ ግን እንዲህ አያደርግም። ብዙዎቹ ጀልባውን ከቁብ ሳይቆጥሩ ያልፋሉ። ቪዲዮ ላይ የምናየው የመጡትን ብቻ ነው፣ ያልመጡትን ማን ይቀርጻል?

ከጦር ወደ መዳበስ

እነዚሁ እናቶች ድሮ "የሰይጣን ዓሣ" ይባሉ ነበር። በ1857 ቻርልስ ስካሞን የሚባል አሜሪካዊ የአደን መርከብ አዛዥ ኦሆ ዴ ሊብሬ ላጉን ገብቶ እናቶችን ማደን ጀመረ። ለዘይታቸው ነበር። ከዚያ ሌሎች ተከተሉት። ላጉኑ ጠባብ ነው፣ እናቲቱ ልጇን ጥላ አትሸሽም፣ ስለዚህ አደኑ ቀላል ነበር፤ ግን ልጇ የተነካባት እናት ጀልባውን በጭራዋ ትሰባብረው ነበርና ስሙ በዚያ ወጣላት። በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ ዝርያው ሊያልቅ ደረሰ። በአትላንቲክ ውቅያኖስ የነበሩት ዘመዶቻቸው ከዚያ በፊት ጨርሰው ጠፍተው ነበር።

ከ1946ቱ ዓለም አቀፍ የአደን ስምምነት በኋላ ግራጫው ዓሣ ነባሪ ከንግድ አደን ተጠበቀ። ቁጥሩ ቀስ በቀስ አገገመ፣ በ1994 አሜሪካ የምሥራቅ ፓስፊኩን መንጋ ለመጥፋት ከተቃረቡ እንስሳት መዝገብ አወጣችው።

የጉብኝቱ ታሪክ ከዚህ ጎን ለጎን ይሄዳል። በ1955 ሳን ዲየጎ ውስጥ አንድ ዓሣ አጥማጅ በ1 ዶላር ሰዎችን በጀልባ ወስዶ ዓሣ ነባሪ ማሳየት ጀመረ። ንግዱ እዚያ ተወለደ ይባላል። በ1972 ደግሞ ሳን ኢግናሲዮ ላይ ፍራንሲስኮ ማዮራል፣ በቅጽል ስሙ ፓቺኮ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ጀልባው አጠገብ አንዷ ብቅ ብላ አልሄድ ስትለው እጁን ሰደደና ነካት። እስከዚያ ቀን የአካባቢው አስጋሪዎች ጀልባቸውን እያንኳኩ ከእነሱ የሚርቁ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ቪዲዮ ላይ የምናየው መዳበስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። "ቱሪዝም ዓሣ ነባሪዎቹን አዳናቸው" የሚባለውን ብዙ ሰው ይደጋግመዋል። ዓመቶቹን ደርድራችሁ ስታዩ ግን አይገጥምም። የአደን ክልከላው ቀድሟል፣ ጉብኝቱ ኋላ ነው የመጣው። ያዳናቸው መገደል ማቆማቸው ነው፣ በቃ። ጉብኝቱ የረዳው ሌላ ነገር ላይ ነው፤ መኖሪያቸውን በመጠበቅ። በ1993 ሳን ኢግናሲዮን የሚጨምረው የኤል ቪዝካይኖ የዓሣ ነባሪዎች መጠለያ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። ከዚያ ሚትሱቢሺና የሜክሲኮ መንግሥት በጋራ የያዙት ኩባንያ ሳን ኢግናሲዮ ላይ ትልቅ የጨው ማምረቻ ሊሠራ አሰበ። ከአገር ውስጥም ከውጭም ብዙ ተቃውሞ ተነሳ፣ በ2000 ፕሬዚዳንት ኤርኔስቶ ሴዲዮ ዕቅዱን ሰረዙት። በዚያ ክርክር ውስጥ "ይህ ላጉን እንዲሁ ባዶ ውሃ ነው" ማለት የማይቻል ያደረገው አንዱ ነገር በየዓመቱ እየመጣ የሚከፍለው ጎብኚ ነበር።

ደንቡ ምን ይላል?

ሳን ኢግናሲዮ ላይ እንደፈለጉ አይገባም። ፓንጋ የሚባሉት ሞተር ያላቸው ትንንሽ ጀልባዎች ፈቃድ ሊኖራቸው ይገባል፣ በመመልከቻው ክልል በአንድ ጊዜ የሚገቡት 16 ብቻ ናቸው፣ አንዱ ጀልባ የሚቆየውም 90 ደቂቃ ያህል ነው። የላጉኑ ከፊል ጨርሶ ዝግ ነው፣ እናቶቹ የሚወልዱበት ክፍል። ጀልባው እንስሳውን አያሳድድም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ ይጠብቃል፣ መምጣት ከፈለገች እሷ ትመጣለች። ካልመጣች ጎብኚው ከሩቅ እስትንፋሷን አይቶ ይመለሳል።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዛለች። ለአብዛኞቹ ዓሣ ነባሪዎች ጀልባ ቢያንስ 91 ሜትር እንዲርቅ ትመክራለች፣ መንካት የሚባል ነገር የለም። በዋሽንግተን ግዛት ለአንድ በጣም ለተመናመነ የኦርካ መንጋ ርቀቱ ከ2025 ጀምሮ ወደ 900 ሜትር ከፍ ብሏል። ኦርካ እኛ ገዳይ ዓሣ ነባሪ የምንለው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ጥርሳም የዶልፊን ዘመድ ነው። የሚበላውን ዓሣ የሚያገኘው በድምፅ ስለሆነ የሞተር ጩኸት አጠገቡ ካለ አደኑ ይበላሻል።

ድምፅ ውሃ ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከአየር አራት እጥፍ ይፈጥናል፣ ሩቅም ይሄዳል። እኛ ጀልባ ላይ ሆነን የምንሰማው ሞተር ከሥር ላለው እንስሳ ሌላ ነገር ነው። እናትና ግልገል በድምፅ ነው የሚጠራሩት። ጩኸት በበዛበት ሰኞ ገበያ ውስጥ ልጅን እንደመጥራት አድርጋችሁ አስቡት።

ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

ደጋፊዎቹ የሚያነሱት ገንዘቡን ነው። በ2009 የወጣ አንድ ሰፊ ዓለም አቀፍ ግምገማ በ2008 ብቻ 13 ሚሊዮን ሰዎች በ119 አገሮችና ግዛቶች ዓሣ ነባሪና ዶልፊን ለማየት እንደወጡ፣ ወጪያቸውም ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ አስልቷል። የሳን ኢግናሲዮ አስጋሪ በወቅቱ መረቡን አስቀምጦ ጎብኚ ያመላልሳል። በዚያው ወቅት ያልተሰገረው ዓሣም እረፍት ያገኛል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ተቃዋሚዎቹ ባዶ እጃቸውን አይደሉም። ጥሩ ማስረጃቸው ከአውስትራሊያ ነው። ሻርክ ቤይ በሚባል ቦታ ዶልፊኖችን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች አስጎብኚ ድርጅቱ ከአንድ ወደ ሁለት ሲጨምር ጉብኝት ባለበት አካባቢ የዶልፊኖቹ ብዛት 15 በመቶ ገደማ መቀነሱን በ2006 አሳተሙ። አንድ ጀልባ ዶልፊን ሲገድል ያየ የለም። እየታወኩ ቦታውን ስለለቀቁ ነው። ጥሩው ነገር መንግሥት ሰምቶ ፈቃዱን ወደ አንድ መለሰው።

የእኔ ሚዛን የሚያጋድለው ወዲህ ነው፦ አንድ ጀልባ ማንንም አይጎዳም፣ ጉዳቱ የሚመጣው ከቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ደግሞ ባለጀልባዎቹ ራሳቸው ሊገድቡት አይችሉም። አንዱ ቢታቀብ ሌላው ይወስድበታል። ጎብኚው "ጠጋ በል" ብሎ ጉርሻ ሲያሳየው እምቢ የሚል ነጂ፣ ደንብ ከኋላው ከሌለ፣ ሥራ ፈትቶ ነው የሚውለው።

ትልቁ ችግር ግን ጀልባው አይደለም

በ2016 አካባቢ የምሥራቅ ፓስፊክ ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች 27,000 ገደማ ነበሩ። በ2025 የተደረገው ግምት ወደ 13,000 አውርዷቸዋል፤ ከ1970ዎቹ ወዲህ ዝቅተኛው ነው። ከ2018 መጨረሻ እስከ 2023 ድረስ ከሜክሲኮ እስከ አላስካ ባለው ዳርቻ 690 ሬሳ ወጥቷል። ብዙዎቹ ከስተው ነበር።

ያ ጭቃ ትዝ ይላችኋል? በዋልታው ባሕር ላይ በረዶ ሲኖር ከበረዶው ሥር አልጌ ይበቅላል። አልጌ በውሃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ አረንጓዴ ነገር ነው። ይህ አልጌ ሞቶ ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ አምፊፖዶቹ እሱን ይበላሉ፣ ዓሣ ነባሪው እነሱን ይበላል። በረዶው ሲሳሳ የላዩ ምግብ ላይ ላዩን ያልቃል፣ ወደ ታች የሚደርሰው ያንሳል። ማዕዱ ከላይ ተበልቶ ታች ላለው ሳይደርስ እንደማለት ነው። ስቡን በቅጡ ሳትሞላ የወረደች እናት መንገድ ላይ ትወድቃለች፣ ወይም ትጨነግፋለች፣ ወይም ከነጭራሹ አታረግዝም። በርሃብ ምክንያት ከመንገዳቸው ወጥተው ሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ የሚገቡም አሉ፣ እዚያ ደግሞ የጭነት መርከብ ይመታቸዋል።

ይህን በሌላ መንገድ የሚያዩ ባለሙያዎችም ነበሩ። በ1999ና በ2000 ተመሳሳይ እልቂት ደርሶ መንጋው መልሶ አገግሟል። ስለዚህ ቁጥሩ ባሕሩ ሊመግብ ከሚችለው በላይ ሲደርስ ራሱን የሚያስተካክልበት የተለመደ ዑደት ነው ይላሉ። ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ያን ጊዜ ማገገሙ ቶሎ ነበር የመጣው፣ አሁን ግን እልቂቱ አብቅቷል ከተባለ በኋላም ግልገሎች እየተወለዱ ያሉት በጣም በጥቂቱ ነው። ዑደት ብቻ ቢሆን እስካሁን መታየት የነበረበት ነገር አልታየም።

ለጉብኝቱ ይህ ምን ያመጣል? ወደ ላጉኖቹ የሚገቡት እናትና ግልገል ቁጥር ሲቀንስ የጀልባው ቁጥር እንዳለ ከቆየ፣ በአንዲቱ እናት ላይ የሚደርሰው ጀልባ ይበዛል ማለት ነው። 16 የሚለው ቁጥር የተመቸው ለሞላ ላጉን ነው። እየሳሳ ላለ ላጉን ያው 16 ብዙ ሊሆን ይችላል።

ለእኛ ቅርብ ያለው ባሕር

የወሎ ሰው ከባሕር ሩቅ አልነበረም። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ አድርጎ አሰብ የሚወርደው መንገድ የብዙ ሾፌር እንጀራ ነበር። ዛሬ መንገዱ በጋላፊ አድርጎ ጅቡቲ ይገባል። ጅቡቲ ውስጥ፣ ታጁራ ወሽመጥ ላይ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የሚባለውን ለማየት ጎብኚዎች በጀልባ ይወጣሉ። እዚህ ደግሞ ስሙ በተቃራኒው ያሳስታል፤ "ዌል" ዓሣ ነባሪ ማለት ቢሆንም እሱ እውነተኛ ዓሣ ነው፣ በዓለም ትልቁ ዓሣ። ሰው አይነካም፣ የሚበላው ደቃቅ ተንሳፋፊ ነገር ነው። ላይ ላዩን ቀስ እያለ ስለሚዋኝ የሞተር መዘውር በቀላሉ ይቆርጠዋል፣ እዚያ ከሚታዩት መካከልም ጠባሳ ያለባቸው አሉ። ጅቡቲ የሚመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ገና ልጆች ናቸው።

ሐይቅ ላይስ?

አሁን ወደ ሁለተኛው ተከራካሪ እንመለስ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ተሁለደሬ ወረዳ ውስጥ ያለው፣ ስሙም ሐይቅ የሚባለው ውሃ ዓሣ ነባሪ የለውም፣ ጉማሬም ሆነ አዞ ለማየት የሚሄድበት የለም። ለዚያ ጣና አለ፣ ጫሞ ላይ ደግሞ "የአዞ ገበያ" የሚባለው ዳርቻ አለ። ሐይቅ ያለው የውሃ ወፍ ነው፣ የሚያምር ጸጥታ ነው፣ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ያለው የእስጢፋኖስ ገዳም ነው፣ ትኩስ ቆሮሶ ነው። የጀልባ ሽርሽሩም አለ። የሚታየውን ወፍ ስም የሚነግር አስጎብኚ ቢታከልበት የሚከፍል ሰው አይጠፋም ብዬ አስባለሁ።

ከሜክሲኮው ልምድ ወደዚህ የሚመጣው መዳበሱ አይደለም። የውሃ ወፍ መዳበስ የለም፣ ሲጠጉት ይነሳል። ቄጠማ ውስጥ እንቁላሉን ታቅፎ ከነበረ ሲነሳ እንቁላሉ ለፀሐይና ለቁራ ይጋለጣል። በዚያ ላይ ሐይቅ ከባሕር ይልቅ ከላጉን ጋር ይመሳሰላል፦ የተከለለ ነው፤ እንዲያውም ከላጉን በተለየ መውጫ የለውም። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በአንከርከሃ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ይገባል፣ የሚወጣው ግን በትነት ነው። ጎርፍ ከተራራው ያመጣው አፈርም፣ ከሞተር የሚንጠባጠበው ነዳጅና ዘይትም እዚያው ይቀራል። ባሕር ላይ ማዕበል የሚያጥበው ነገር እዚህ አጣቢ የለውም።

እና እንደ ዓሣ ነባሪዎቹ ሁሉ፣ የሐይቅም ትልቁ ጉዳይ ጀልባ ላይሆን ይችላል። ዙሪያውን ያለው ቁልቁለት እርሻ፣ አፈሩ፣ ዳርቻው ድረስ የሚጠጋው ማረስና ግንባታ ይብሳሉ። እነዚህ ግን ከአንድ ወረዳ አቅም በላይ ሊሆኑ ይችላሉ፣ ዓመታትም ይፈልጋሉ። ጀልባው አሁኑኑ ሊቆጠር ይችላል። ዛሬ ጥቂት ናቸው። የትኛው ዳርቻ በእንቁላል ወቅት እንደሚዘጋ፣ ከገዳሙ ስንት ሜትር ላይ ሞተር እንደሚጠፋ፣ በአንድ ጊዜ ስንት ጀልባ እንደሚወጣ መስማማት የሚቀለው አምስት ባለጀልባ ሲኖር ነው። ሃምሳ ከሆኑ በኋላ "ዐሥራ ስድስታችሁ ብቻ ግቡ፣ ሌላችሁ ተራ ጠብቁ" ማለት የሚሞክር ሰው መነኻሪያ ላይ ተራ አስከባሪ ሆኖ የሠራ ይሁን።